ትዕዛዝ የለም

ሥራህ ምንድን ነው ሲሉኝ መልሱ ይጠፋኛል። ፕሮግራም ጻፍኩ የምለው ብዙ ነገር የለኝም፤ ሌሎች የሠሩትን አገናኛለሁ። ሰው የሞላው ፎርም ሰንጠረዥ ላይ እንዲሰፍር፣ የሰፈረው በቴሌግራም እንዲደርስ፣ የደረሰው ካላንደር ላይ እንዲያዝ ማድረግ ነው እንጀራዬ። እናቴ ለጎረቤት ስታስረዳ «ኮምፒዩተር ውስጥ ገመድ ይቀጥላል» ትላለች። እኔም ከዚህ የተሻለ አላገኘሁም።

ከሁሉ በላይ ያስተማሩኝ ቤታቸው ኬክና ድፎ ዳቦ እየጋገሩ የሚሸጡ አንዲት እናት ናቸው። እትዬ እላቸዋለሁ፤ እሳቸው «አንተ ልጅ» ይሉኛል። መጀመሪያ የሄድኩ ቀን ያሳዩኝ የትዕዛዝ ደብተር ዳር ዳሩ በቅቤ ወዝቶ ገጾቹ ተጣብቀው ነበር። «ስልኩ ሲጮህ እጄ ሊጥ ነው። ልጅቷ ታነሳለች፣ ልጅቷ ትረሳለች» አሉኝ። በዚያው ሳምንት ለቅዳሜ የታዘዘ የልደት ኬክ ጭራሽ ሳይጻፍ ቀርቶ፣ ያዘዘችው ሴት በር ላይ ስትቆም ነው የታወቀው።

እንዲህ ያለ ቤት ስገባ ላፕቶፔን አልከፍትም። ሥራውን በአንድ ትንፋሽ ንገሩኝ እላለሁ፤ ጆሮዬን የማቆመውም ለሁለት ፊደል ነው፤ ለ«ሲ» እና ለ«ከ»። እትዬ እንዲህ አሉ፦ «ትዕዛዝ ሲመጣ ለልጆቹ ይነገር፤ ሰፈሩ ሩቅ ከሆነ ለሞተረኛውም ይነገር።» የቀረኝ መገጣጠም ብቻ ነበር። «ሲመጣ» ያሉት ማስነሻው ነው፤ የተኛውን ሥራ የሚቀሰቅስ። «ከሆነ» ያሉት ማጣሪያው ነው፤ የተቀሰቀሰው ይለፍ አይለፍ የሚል በረኛ። ጀማሪ ሁለቱን ያምታታል። ኢፍት የተባለው ታዋቂ አገልግሎት እንኳ ስሙ ሲፈታ «ይህ ከሆነ ያን» ይላል፤ አሠራሩ ግን «ይህ ሲሆን» ነው። የእኛ ቋንቋ ለይቶ ስለሚናገር ብዙ ደንበኞቼ ሳያውቁት ግማሹን ሥራ ሠርተው ነው የሚያስረክቡኝ።

የገመድ መቀጠሉ ሐሳብ አዲስ አይደለም። ያሁ ፓይፕስ የተባለው አገናኝ አገልግሎት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2007 ወጥቶ በ2015 ተዘጋ። ሊንደን ቲቤትስ ኢፍትን በ2010 አስተዋወቀ፤ ዛፒየር በ2011 አሜሪካ ሚዙሪ ውስጥ ተጀመረ። እኔም የጀመርኩት በእነዚህ ነው። ቁም ነገሩ ሲጠነክር ግን ወርኃዊ ክፍያ ይመጣል፣ ክፍያው በዶላር ነው፣ ድፎ ዳቦ ጋጋሪ የዶላር ካርድ ከየት ታመጣለች? ስለዚህ ለእትዬ ዓይነቱ ቤት የምሠራው በጎግል ፎርም፣ በጎግል ሺት፣ ከሺቱ ጀርባ ባለው አፕስ ስክሪፕትና በቴሌግራም ቦት ነው። ቦት ለመክፈት ቦትፋዘር ለሚባለው ቦት መጻፍ ይበቃል። የሚሰጣችሁን ቁልፍ ግን እንደ ቤት ቁልፍ ያዙት፤ ስክሪንሹት አንስቶ ግሩፕ ላይ የለጠፈ አይቻለሁ።

ቀላሉ ይኸው ነው። የሚከብደው ሰዓቱ ነው።

በመጀመሪያው ፎርም ላይ «ስንት ሰዓት ይድረስ?» ብዬ ባዶ ሳጥን ተውኩ። አንዲት ደንበኛ 3:00 ብላ ሞላች። እሷ ያለችው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። ካላንደሩ 3:00ን በራሱ አቆጣጠር ያዘው፤ በእኛ ሌሊቱ 9 ሰዓት ማለት ነው። አንድ ሰዓት ቀድሞ እንዲያስታውስ አዝዤው ስለነበር የእትዬ ስልክ ሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ጮኸ። በማግስቱ ደወሉልኝ፦ «አንተ ልጅ፣ ጨረቃ ላይ ልጋግር ነው?»

ቀኑ ደግሞ ይብሳል። ሌላው 12/8 ብሎ ጻፈ። በልቡ ሚያዝያ 12 ነው። ሺቱ በአሜሪካ ልማድ ካነበበው ዲሴምበር 8 ይለዋል፤ በእንግሊዝ ልማድ ካነበበው ኦገስት 12። ትክክለኛው ኤፕሪል 20 ነበር። አንድ ጽሑፍ ሦስት ወር ላይ ያርፋል፤ አንዱም ስህተት ተብሎ በቀይ አይሰመርበትም፤ ሁሉም ደኅና ቀን ይመስላል። ደንበኛውን በፈረንጅ አቆጣጠር ሙላ ማለትም ሞከርኩ፤ አያት ለልጅ ልጃቸው ልደት ሊያዝዙ ተቀምጠው ጣት ሲቆጥሩ ሳይ አፍሬ ተውኩት።

አሁን ባዶ ሳጥን የለም። ስክሪፕቱ በየሌሊቱ ፎርሙ ውስጥ ገብቶ የሚመጡትን 14 ቀናት በእኛ አቆጣጠር ይዘረዝራል፤ «ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 12» ተብሎ። ሰው መርጦ ይነካል፤ የፈረንጁን ቀን ማሽኑ ለራሱ ይይዛል። ሰዓቱም «ከጠዋቱ 3 ሰዓት» ተብሎ ይታያል፣ ከኋላው 9:00 ተጽፏል። ጳጉሜን አምስት ትሁን ስድስት የሚለውን ለማስተካከል አንድ ሙሉ ከሰዓት ፈጅቶብኛል፤ በዓመት አንዴ ለምትመጣ ነገር።

ሰፈርም እንዲሁ ነው። «አራት ኪሎ»፣ «4 ኪሎ»፣ «4ኪሎ»፣ «ዐራት ኪሎ» ለሰው አንድ ናቸው፣ ለማጣሪያው አራት ሰፈር ናቸው። በሀና ሐ፣ በሰና ሠ፣ በጸና ፀ የምንጽፋትን አገር ማሽን እንዲያውቅ ከመለመን ዝርዝር ሰጥቶ ማስመረጥ ይሻላል። ስልክ ቁጥር ደግሞ አምዱ ቀድሞ በጽሑፍ ካልተመደበ ሺቱ ቁጥር መስሎት የፊቷን ዜሮ ይበላል። ይህን ሁሉ ሰው ሳስተምር ቶሎ ይገባዋል። ቶሎ የማይገባው ቀጥዬ የምነግራችሁ ነው።

ሰሙነ ሕማማት ነበር። ለፋሲካ የሚታዘዝበት፣ እትዬ በዓመት ከሚያገኙት ደኅናውን ድርሻ የሚያገኙበት ሳምንት። ረቡዕ ማታ ደወሉ፦ «ዘንድሮ ገበያው ሞተ እንዴ? ከሰኞ ወዲህ አንድ ሰው እንኳ አላዘዘም።» ሺቱን ስከፍት 19 ትዕዛዝ ተሰልፏል። ፎርሙ ይሠራል፣ ሺቱ ይመዘግባል፣ ወደ ሠራተኞቹ የቴሌግራም ግሩፕ የሚወስደው መስመር ብቻ ተቆርጧል።

የሆነው ይህ ነው። እሑድ ዕለት አዲስ ሠራተኛ ግሩፑ ውስጥ ትገባለች። የቀድሞውን መልእክት እንድታነብ ብለው እትዬ አንድ ቅንብር ይነካሉ። ያ ቅንብር ተራውን ግሩፕ ወደ ሱፐርግሩፕ ያሳድጋል፤ ሲያድግ መለያ ቁጥሩ ይቀየራል። ስክሪፕቴ ሦስት ቀን ሙሉ የቀድሞውን በር ሲያንኳኳ ቆየ። እንዲህ እንደሚሆን መመሪያው ላይ ተጽፎ ነበር፤ ሳላነብ ያለፍኩት እኔ ነኝ። የስህተት ማስታወቂያም በኢሜይል መጥቷል፤ ለፎርሙ ሲባል በከፈትነው፣ ማንም በማያየው አካውንት። ሐሙስን ቀኑን ሙሉ ለ19 ሰው ስንደውል ዋልን። ሁለቱ ሌላ ቤት አዝዘው ነበር። እትዬ ሁለት ሌሊት አልተኙም፤ እኔም ክፍያ አልጠየቅኩም።

ከዚያ ወዲህ የምሠራው ሥራ ሁሉ በየጠዋቱ ይናገራል። ከ12 እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ፣ የአፕስ ስክሪፕት ሰዓት ደቂቃ ስለማያከብር ነው እንዲህ የምለው፣ «እንደምን አደሩ፤ ለዛሬ 4 ትዕዛዝ አለ» ይላል። ባይኖርም «ለዛሬ ትዕዛዝ የለም» ይላል። እትዬ አልተዋጠላቸውም። «የሌለውን ምን አስለፈለፈው?» አሉ። የሰፈራችንን ዘበኛ አነሳሁላቸው። ሌሊት ፊሽካ የሚነፋው ሌባ ባየ ጊዜ ብቻ ቢሆን፣ ዝም ያለ ሌሊት ሰላም ይሁን እንቅልፍ በምን ይለያል? ትንሽ አሰቡና «እሺ፣ ይንፋ» አሉ። ከወራት በኋላ አንድ ማለዳ ስልኬ ጮኸ። ሰላምታ እንኳ አላስቀደሙም፦ «ዛሬ አልነፋም።» አንድ ሰዓት ሳይሞላ ተጠገነ፤ የጠፋ ትዕዛዝ አልነበረም።

አላገናኝም ያልኩትም አለ። እትዬ ቀብድ የሚቀበሉት በስልክ ነው፤ ደንበኛው የከፈለበትን ስክሪንሹት ይልካል። «እሱንም አያይዘውና ራሱ ይቀበል» ብለውኝ ነበር። ስክሪንሹት ሁለት ደቂቃ በማይፈጅ ነገር ይቀየራል። ገንዘቡ መግባቱን ከራሳቸው ስልክ አይተው «ገብቷል» የምትለውን ሳጥን እሳቸው ይነካሉ፤ ምድጃው የሚለኮሰው ከዚያ በኋላ ነው።

ባለፈው ደግሞ የእድራችን ጸሐፊ ጠሩኝ። አባል ሲያርፍ ስሙ ሺቱ ላይ እንደተጻፈ ለአባላት ሁሉ መልእክት እንዲሄድ ፈለጉ። የሩብ ሰዓት ሥራ ነው፤ «ሲ» አለው፣ «ከ» የለውም። ግን አንድ መስመር ወርዶ የተሳሳተ ስም ላይ ቢጻፍስ? የኬክ ትዕዛዝ ሲሳሳት ይቅርታ ይባላል፤ በሕይወት ያለን ሰው ሞተ ብሎ ለሰፈር የተናገረን መልእክት ግን ምን ይመልሰዋል? ጸሐፊው ዝም ብለው ቆዩና «ጡሩንባ ነፊውም ሳይላክ አይነፋም ነበር» አሉ። የስልክ ዝርዝሩን አጸዳሁላቸው፣ ጽሑፉም ስምና የቀብር ሰዓት ሲገባለት ራሱ ይዘጋጃል። የሚልኩት ግን እሳቸው ናቸው፤ ሐዘን ቤቱ ደርሰው ሲመለሱ፣ በእጃቸው።