ሻርፕ ያደረገው ፈጥኖ ነው ወይስ አጭበርብሮ?

የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ሻርፕ ሲያደርግ ከተንቀራፈፈ ወዲያው የሚወቀሰው ኮምፒውተሩ ነው። ራም ይጨመርለት፣ ግራፊክስ ካርዱ ይለወጥ ይባላል። ገንዘብ ከማውጣት በፊት ግን ጊዜው የት እንደሚባክን ማየት ይሻላል። የማያስፈልገውን ሥራ በመተው የሚገኝ ፍጥነት አለ፤ የሚያስፈልገውን በመዝለል የሚገኝም አለ። በሰዓት ሲለኩ ሁለቱ አይለዩም። የሚለዩት ፎቶው ላይ ነው።

ሻርፕ የማድረጊያው ዘዴ ከኮምፒውተር በፊት የነበረ ነው። የጨለማ ክፍል ባለሙያዎች ከኔጋቲቩ ሆን ብለው ደብዘዝ ያለ ፖዘቲቭ ያወጡና ሁለቱን ደርበው ያትሙ ነበር፤ ያኔ የነገሮች ጠርዝ ጎልቶ ይወጣል። ዛሬ በፎቶሾፕም በጊምፕም አንሻርፕ ማስክ የሚባለው ይኸው ነው። ፕሮግራሙ ፎቶውን ያደበዝዛል፣ የደበዘዘውን ከዋናው ይቀንሳል፣ የተረፈውን ልዩነት በተፈለገው መጠን አባዝቶ መልሶ ዋናው ላይ ይደምራል። መቀነሱና መደመሩ ለዛሬ ፕሮሰሰር ከቁም ነገር የሚገባ አይደለም። ጊዜ የሚበላው ማደብዘዙ ነውና ዳኝነቱም ከዚያ ይጀምራል።

ማደብዘዣው ከእያንዳንዱ ፒክስል በየአቅጣጫው እስከ 10 ፒክስል ይደርሳል እንበል። በጥሬው ከተሠራ እያንዳንዱ ፒክስል 21 በ21፣ ማለትም 441 ብዜት ይፈልጋል። ባለ 24 ሜጋፒክስል ፎቶ ላይ ይህ ከ10 ቢሊዮን ይበልጣል፤ ያውም ለአንድ ቀለም ብቻ። በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ ሲሆን በሦስት ይባዛል። ደግነቱ ለማደብዘዝ የሚሠራበት የጋውስ ብለር አንድ መልካም ጠባይ አለው፦ መጀመሪያ በአግድም፣ ከዚያ በቁም ቢሠራ ውጤቱ አይለወጥም። 441 የነበረው 21 ሲደመር 21፣ 42 ይሆናል። ሥራው ከአሥር እጅ ወደ አንድ ወረደ፤ ከፎቶው የጎደለ ነገር ግን የለም። ጥሩ የማፍጠን ሥራ ስል እንዲህ ያለውን ነው።

ከዚህም ወዲያ መሄድ ይቻላል። ቦክስ ብለር የሚባለው ተራ አማካይ ሦስት ጊዜ ቢደጋገም ወደ ጋውስ በጣም ይጠጋል፤ እያንዳንዱን አማካይ ለማግኘት ደግሞ ሁሉንም እንደ አዲስ መደመር አያስፈልግም። የታክሲ ወረፋ እንደሚቆጥር ሰው፣ ከኋላ የገባውን ደምሮ ከፊት የወጣውን መቀነስ ይበቃል። ስለዚህ የሬዲየሱ፣ ማለትም ማደብዘዣው የሚደርስበት ርቀት፣ መስፋት ጊዜውን አይለውጠውም። ያንግና ቫን ቭሊት እ.ኤ.አ. በ1995 ያሳተሙት ሬከርሲቭ ፊልተርም በሌላ መንገድ እዚያው ይደርሳል። ሁለቱም ግን ግምት ናቸው። በሰፊ ሬዲየስ ላይ ዓይን ልዩነቱን አያገኘውም፤ ከአንድ ፒክስል ባነሰ ሬዲየስ ላይ ግን ግምቱ ይሳሳል። ለዓይን ሽፋሽፍትና ለጨርቅ ክር የምንጠቀመው ደግሞ ይህንኑ ትንሹን ሬዲየስ ነው። ብልህ ሠሪ ለትንሹ ትክክለኛውን ስሌት፣ ለትልቁ ግምቱን ይመድባል።

የፕሮግራሙን ውስጥ ሳይከፍቱ ይህን ማወቅ ይቻላል። አንድ ፎቶ ላይ ሬዲየሱን ከ2 ወደ 40 ከፍ አድርገው ጊዜውን ይመልከቱ። ጊዜው በብዙ መቶ እጥፍ ካሻቀበ ሠሪው አልደከመበትም። ከሬዲየሱ ጋር በልኩ ካደገ አግድምና ቁም ለይቶ ሠርቷል። ንቅንቅ ካላለ ከግምቶቹ አንዱን ይዟል፤ ያኔ ወደ ትንሹ ሬዲየስ ተመልሶ ውጤቱን መመርመር ነው።

ለምርመራው ነጠላ የለበሰች ሴት ፎቶ የሚያክል አላውቅም። ነጭ ፈትል አለ፣ ቀለሙ የደመቀ ጥለት አለ፣ ጥቁር ሹሩባ አለ፣ ከኋላ ሰማይ ወይም ልሙጥ ግድግዳ አለ። ፎቶውን 100 በመቶ አድርጎ ማየት ግዴታ ነው፤ አሳንሶ መዳኘት ዋጋ የለውም። ነጠላው ከሹሩባው በሚዋሰንበት መስመር ላይ ነጭ ክር የመሰለ ብርሃን ከታየ ሃሎ ይባላል፤ መጠኑ ወይም ሬዲየሱ በዝቷል። ጥለቱ ጠርዝ ላይ ፎቶው ያልነበረው ቀለም ከፈነጠቀ ፕሮግራሙ ሦስቱን ቀለሞች ለየብቻ ሻርፕ አድርጓል ማለት ነው። ብርሃንና ጥላውን ብቻ ለይቶ የሚሠራ ፕሮግራም ይህ አይገጥመውም፤ ማደብዘዙም ወደ ሲሶ ይወርድለታል። ፍጥነትና ጥራት አብረው የሚመጡበት ቦታ ብዙ አይደለምና ይህን የዘለለ ሠሪ አይመሰገንም።

ቀጥሎ ዋናው ፈተና ይመጣል። በዘገምተኛው መንገድ የተሠራውንና በፈጣኑ የተሠራውን በሁለት ሌየር ደርቦ የላይኛውን ወደ ዲፈረንስ መለወጥ ነው። እኩል ከሆኑ ሁሉም ጥቁር ይሆናል። ጥቁር ቢመስልም አይመኑ፤ በሌቭልስ አብርተው ይዩት። የተበታተነ ነጠብጣብ ከወጣ የቁጥር ማጠጋጋት ስለሆነ ይለፍ። የፊቱ ወይም የጥለቱ ቅርጽ ከወጣ ግምቱ ጠርዝ ላይ ስቷል። አራት ማዕዘን ፍርግርግ ከወጣ ግን ክርክር የለም፣ ይጣል። ፕሮግራሙ ፎቶውን እየቆራረጠ ሲሠራ እያንዳንዱ ቁራጭ ከጎረቤቱ ማደብዘዣው የሚደርስበትን ያህል መዋስ ነበረበት፤ ያን ዘሎ ነው ጊዜ ያተረፈው።

ግራፊክስ ካርድ ላይ ብዙ ማለት አልፈልግም። ባለ 24 ሜጋፒክስል ፎቶ እያንዳንዱ ቀለም በ32 ቢት ሲያዝ 288 ሜጋባይት ነው። ይህን ወደ ካርዱ ልኮ አንድ ቀላል ስሌት አሠርቶ መመለስ ትርፉን ሊበላው ይችላል። ካርዱ የሚክሰው ሥራው ድግግሞሽ ሲሆን ነው። ለምሳሌ ሪቻርድሰን እ.ኤ.አ. በ1972፣ ሉሲ በ1974 ለየብቻ ያቀረቡት ዘዴ በየዙሩ ሁለት ጊዜ ያደበዝዛል። የሀብል ቴሌስኮፕ መስታወት ጉድለት እ.ኤ.አ. በ1993 እስኪታረም ድረስ ምስሎቹን ለማጥራት ያገለገለው አንዱ ይህ ነበር። እዚህ ላይ ዙር መቀነስ ሁልጊዜ ማጭበርበር አይደለም፤ ዙሩ ሲበዛ ኖይዙም አብሮ ይሳላል።

የሠርግ ፎቶ በመቶዎች ለሚያወጣ ሰው ከሁሉ የሚበልጠው ፍጥነት ግን ከቅደም ተከተል ይገኛል። 6000 በ4000 የሆነውን ፎቶ ሻርፕ አድርጎ ከዚያ ማሳነስ ሁለት ጊዜ ማባከን ነው፤ ማሳነሱ የተለፋበትን ያጠፋዋል። ስፋቱን መጀመሪያ ወደ 2048 ካወረዱት ፒክስሉ 2.8 ሚሊዮን ያህል ብቻ ይቀራል፤ ከስምንት እጅ አንድ እንኳ አይሞላም። ለአልበም የሚታተመው ለብቻ፣ በስልክ የሚላከው ለብቻ በየልኩ ሻርፕ ይደረግ። ደንበኛዎ ፎቶውን በስልክ ብቻ የሚያየው ከሆነ አዲስ ግራፊክስ ካርድ አይግዙ።