«ሴት ያሳደገው»

ባለጌ ስናይ «ሴት ያሳደገው» ብለን እንሰድባለን። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ስለኖርኩ ስድብም ቢሆን ትርጉሙን ሳላይ አላልፍም። ይኼኛው ይገርመኛል፤ ልጁን ለእሷ ጥሎ የዞረው አባት ሳይነካ፣ ብቻዋን ያሳደገችው እናት ትሰደባለች!

ሕጉም ብዙ አይርቅም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ለእናት 120 ቀን፣ ለአባት 3 ቀን የወሊድ ፈቃድ ይሰጣል። በ3 ቀን የአራሷ ገንፎ እንኳ አያልቅም።

በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ለእናቶችና ለሕፃናት ብዙ በጎ ነገር ሠርቷል። ነገር ግን ባለሙያዋ በር የምታንኳኳው አባወራው ሥራ በዋለበት ሰዓት ነው። ስለ ክትባቱም፣ ስለ ጡቱም፣ ስለ ተጨማሪ ምግቡም የሚነገረው ለእናት ነው። አባት ከተፈለገ ለገንዘብና ለፈቃድ ነው።

«ወንዶች ለዚህ ነገር አይሰበሰቡም» የሚሉ አሉ። ኧረ በሉ! በየወሩ ቅጣት ፈርቶ ወደ ዕድር የሚሮጠው ማን ሆነና? ድንኳን መትከሉን፣ ቃሬዛ መሸከሙን የለመድነው እዚያው አይደል እንዴ? ታዲያ ከዕድሩ ስብሰባ ሩብ ሰዓት ተቀንሶ፣ ልጅ ስለ ማጠብ፣ ተረት ስለ መንገር፣ ሕፃን አቅፎ ጤና ጣቢያ ስለ መሄድ አባቶች ቢነጋገሩ ምን ይጎድላል? ባለሙያዋም ሁሉንም በአንድ ቦታ ታገኛቸዋለች። ለሞተ ጎረቤት የማይሰስት ጉልበት ለገዛ ልጅ ሊያንስ አይገባም።

ይኼም ከከበደን ቢያንስ ስድቡን እናርመው፦ «አባት እያለው አባት ያላሳደገው» እንበል።