አንድ ሰው፤ ሁለት ወንበር
በእንግሊዝኛ ስለሚነገሩ የተቃራኒ ወገን አነጋገሮች

የአንድ ሕዝብ ጠባይ ከሚታወቅባቸው ነገሮች አንዱ፤ ሰው ከሰው ጋራ ሳይስማማ ሲቀር የሚናገርበት ቋንቋ ነው። ፍቅሩን የሚገልጽበት ቃል ያጣ ሕዝብ የለም፤ ቁጣውን የሚገልጽበትም እንዲሁ። ነገር ግን «አከብርሃለሁ፤ አሳብህን ግን አልቀበለውም» ለማለት፤ ወይም «ይህን የምናገረው በግሌ ሳይሆን በተሰጠኝ ሥራ ነው» ብሎ ራስን ከወንበር ለመለየት፤ ቋንቋው ብዙ ዘመን ተገርቶ የበሰለ መሆን ያስፈልገዋል። የእንግሊዝ ቋንቋ በዚህ ረገድ ብዙ ሀብት አከማችቷል። በአገራችን የሁለተኛና የከፍተኛ ደረጃ ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ስለ ሆነ፤ ይህ ሀብት በየቀኑ ወደ አማርኛችን ይገባል። የሚገባው ግን ብዙ ጊዜ ልብሱ ብቻ ነው፤ ሰውነቱ እዚያው ይቀራል።

ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ አንድ ትንሽ አጋጣሚ ነው። በአንድ ጉባኤ ላይ ስለ ቀረበ አሳብ ስንመክር፤ ሁሉም አሳቡን እየተቀባበለ ሲያመሰግነው፤ ትምህርቱን በእንግሊዝኛ የፈጸመ አንድ ወጣት ተነሥቶ «እስቲ እኔ የሰይጣን ጠበቃ ልሁን» አለ። ከጎኔ የተቀመጡት ሽማግሌ አማተቡና «ልጄ፤ እሱ መቼ ጠበቃ አጣ!» አሉት። ጉባኤው ሣቀ፤ ወጣቱም ዐፍሮ ተቀመጠ። የሣቅነው በቃሉ ነበር፤ የከሰርነው ግን አሳቡን ነው። የወጣቱ መቃወሚያ ምን እንደ ነበረ ሳንሰማ ተበተንን።

በእንግሊዝኛ «ዴቭልስ አድቮኬት» የሚባለው አነጋገር የመጣው ከሮማ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ነው። አንድ ሰው ቅዱስ ተብሎ ከመሰየሙ በፊት፤ ስለ እርሱ የቀረበውን ምስክርነትና ተአምር እየመረመረ መቃወሚያ የሚያቀርብ ሹም ነበረ። ሹመቱ በፓፓ ሲክስቶስ 5ኛ ዘመን በ1587 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ በ1983 ዓ.ም. ፓፓ ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ ሥርዓቱን ሲያሻሽሉት የቀድሞ መልኩ ቀረ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመኖች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የሹመቱ እውነተኛ ስም «የእምነት አስጠባቂ» የሚል ትርጉም ያለው ሲሆን፤ «የሰይጣን ጠበቃ» የሚለው ከሰው አፍ የተገኘ ቅጽል ነው። ሹሙ ቅዱሱን የሚጠላ ሰው አልነበረም፤ እንዲያውም ቅድስናው ነቀፋ የሌለበት ሆኖ እንዲገኝ የሚደክም ነበር። ተቃውሞው ጠባዩ ሳይሆን ሥራው ነበር። እንግዲህ ወጣቱ ወደ አማርኛ መመለስ የነበረበት ሰይጣኑን ሳይሆን ሥራውን ነው። «አሳቡ እንዲፈተን ያህል ተቃራኒውን ወገን ልያዝ» ብሎ ቢሆን ኖሮ፤ ሽማግሌው ባላማተቡ፤ እኛም በሰማነው ነበር።

ይህ ሰውን ከወንበሩ የመለየት ልማድ ጐልቶ የሚታየው በእንግሊዝ የሕዝብ እንደራሴዎች ምክር ቤት ነው። በዚያ አንዱ አባል ሌላውን በስሙ አይጠራውም፤ «አንተ» ብሎም አይናገረውም፤ ንግግሩ ሁሉ ለአፈ ጉባኤው ነው። የራሱን ፓርቲ ሰው «ክቡር ወዳጄ» ይለዋል፤ ከፊት ለፊቱ የተቀመጠውን ደግሞ «የእገሌ አውራጃ ክቡር እንደራሴ» ይለዋል። በፍርድ ቤትም አንዱ ጠበቃ የባላጋራውን ጠበቃ «ማይ ለርንድ ፍሬንድ» ማለት «የተማረው ወዳጄ» ብሎ ይጠራዋል፤ ወዲያውም የተማረው ወዳጁ ያቀረበውን ነገር አንድ በአንድ ያፈርስበታል። ይህን በቃሉ ብቻ ወደ አማርኛ ብንመልሰው ነገሩ ይገለበጣል፤ በእኛ ዘንድ በክርክር መካከል «ስማ ወዳጄ» የተባለ ሰው ወዳጅነትን ሳይሆን ዛቻን ነው የሚሰማው።

በ1826 ዓ.ም. ጆን ካም ሆብሃውስ የተባለ እንደራሴ በዚያው ምክር ቤት ሲናገር «የግርማዊነታቸው ተቃዋሚ ወገን» የሚል አነጋገር ቢያሰማ ጉባኤው በሣቅ ተቀበለው። ነገሩ በእውነት የሚያሥቅ ነበር፤ የንጉሥ ሚኒስትሮች እንጂ የንጉሥ ተቃዋሚዎች እንዴት ይኖራሉ? ነገር ግን ሣቁ አለፈና ቃሉ ቀረ። በ1937 ዓ.ም. በወጣ ሕግ የተቃዋሚው ወገን መሪ ከመንግሥት ገንዘብ ደመወዝ እንዲከፈለው ተወሰነ። በቀልድ የተወለደ አነጋገር በመቶ አሥራ አንድ ዓመት ውስጥ የሕግ ወንበር አገኘ ማለት ነው። ቃል አሳብን ተከትሎ ይሄዳል ይባላል፤ በዚህ ግን ቃሉ ቀድሞ መንገድ ጠራጊ ሆነ።

ይሁን እንጂ መልካም አነጋገር ብቻውን መልካም ነገር አያደርግም። ይህን ከሁሉ አብልጦ ያሳየን ሼክስፒር ነው። በ1599 ዓ.ም. ገደማ በጻፈው በዩልየስ ቄሳር ተውኔት፤ ብሩተስ ቄሳርን ከገደለ በኋላ ሕዝቡ ፊት ቆሞ ምክንያቱን ያስረዳል። ንግግሩ በግጥም ሳይሆን በስድ ንባብ ነው፤ የተመዘነና የተለካ ነው። ሟቹን በወዳጅነቱ እንደሚያለቅስለት፤ በሥልጣን ፈላጊነቱ ግን እንደ ገደለው ይናገራል። አንዱን ቄሳር ብዙ አድርጎ ይከፍለዋል፤ ለእያንዳንዱም የሚገባውን ይሰጠዋል። ከዚህ የበለጠ የአነጋገር ጥራት የት ይገኛል? ሕዝቡ ግን ሰምቶ ምን መለሰ? አንዱ ከመካከል ብሩተስ ራሱ ቄሳር ይሁን አለ! ብሩተስ ሰውን ከወንበሩ ለይቶ ለማሳየት የደከመበት ነገር በአንድ ጊዜ ከንቱ ሆነ። ልዩነቱ በተናጋሪው ቃል ውስጥ እንጂ በአድማጩ ልብ ውስጥ አልነበረምና።

ከእርሱ ቀጥሎ አንቶንዮስ ይነሣል። እርሱ ደግሞ የአክብሮትን ቃል መሣሪያ ያደርገዋል። ብሩተስን «ክቡር» እያለ ይጠራዋል፤ ቃሉን በደገመ ቍጥር በመካከሉ የቄሳርን ቸርነት ይጨምራል፤ በመጨረሻው «ክቡር» የሚለው ቃል ከስድብ የከፋ ሆኖ ሕዝቡን ያስነሣል። ይኸው ቃል በምክር ቤት ውስጥ ጠብን የሚያበርድ ነው፤ በአንቶንዮስ አፍ ግን እሳት የሚያነድ ሆነ። ስለዚህ እነዚህን አነጋገሮች የምንመረምር ሰዎች ቃሉን ብቻ ሳይሆን የተናጋሪውን አሳብና የአድማጩን ልማድ አብረን መመርመር ይገባናል።

አሁን ወደ ራሳችን ቋንቋ እንመለስ። እንግሊዞች «አዝ» የሚሏት አንዲት ትንሽ ቃል አለች። ይህች ቃል አንዳንዴ ምሳሌን፤ አንዳንዴ ምክንያትን፤ አንዳንዴ ደግሞ ሹመትን ወይም ሥራን ታመለክታለች። ዛሬ ብዙ ተማሪዎችና ጸሐፊዎች በሦስቱም ቦታ «እንደ» የሚለውን ቃል ያስገባሉ። «እንደ አስተማሪ እናገራለሁ»፤ «እንደ አባት አዝናለሁ»፤ «እንደ ዳኛ እፈርዳለሁ» ይላሉ። ነገር ግን በአማርኛ «እንደ ዳኛ ተናገረ» ሲባል ዳኛ ሳይሆን ዳኛ መሰለ ማለት ነው፤ ምናልባትም ያላገባቡ ገባ ተብሎ የተነቀፈ ሰው ነው። ዳኛ ሆኖ በወንበሩ የተናገረ ሰው «በዳኝነቱ ተናገረ» ይባላል። «በአስተማሪነቴ ይህን ተማሪ እጥለዋለሁ፤ በአባትነቴ ግን አዝንለታለሁ» ብንል፤ አንዱ ሰው በሁለት ወንበር ተቀምጦ ሁለቱንም በእውነት ሲናገር እንሰማለን። «እንደ አስተማሪ፤ እንደ አባት» ብንል ግን ሰውየው አስተማሪም አባትም ሳይሆን የሁለቱ አምሳል ሆኖ ይቀራል። እንግሊዝኛው በአንዲት ቃል የሚያደባልቀውን አማርኛችን አጥርቶ የሚለይበት መንገድ እያለው፤ ያለንን ጥሎ የሌለንን መበደር ምን ይባላል?

ሌላው ተደጋግሞ የሚሰማው «ኦን ዘ ዋን ሃንድ፤ ኦን ዘ አዘር ሃንድ» የሚለው ነው። ትርጉሙ በቁሙ «በአንድ እጅ፤ በሌላ እጅ» ማለት ነው። ሁለት እጆች የአንድ አካል ናቸው፤ የሚመዝነውም አንድ ሰው ነው። እኛ ይህን «በአንድ ወገን፤ በሌላ ወገን» ብለን ስንመልሰው ቃሉ ሌላ ክብደት ይዞ ይመጣል። ወገን ዘመድ ነው፤ ወገን ጦር ነው፤ «የማን ወገን ነህ?» የሚል ጥያቄ ይከተለዋል። ስለዚህ አድማጩ የአሳቡን ክብደት ከመመዘን ይልቅ ተናጋሪው በመጨረሻ ከየትኛው ወገን እንደሚሰለፍ ይጠብቃል። ሁለቱንም አሳብ በቅንነት ያቀረበ ሰው እንኳ «ባንድ ራስ ሁለት ምላስ» ተብሎ ይታማል። ለዚህ ነው «በአንድ በኩል፤ በሌላ በኩል» የሚለውን የምመርጠው።

ሐሜቱ ግን ሁልጊዜ ያለ ምክንያት አይደለም። አሳቡ በአንድ በኩል ጠቃሚ፤ በሌላ በኩል ጐጂ መሆኑን ዘርዝሮ፤ «ይታሰብበት» ብሎ የሚፈጸም መግለጫ በመዝገብ ቤት ያጋጠመው ሹም ጥቂት አይደለም። ሚዛን የያዘ ሰው የትኛው እንደ ከበደ ካልተናገረ፤ ክንዱን ከማድከም በቀር ለገበያተኛው የጠቀመው ነገር የለም። እንግሊዝኛው አነጋገር የተሠራው ለፍርድ መንገድ እንዲሆን እንጂ ከፍርድ መሸሸጊያ እንዲሆን አይደለም።

ሁለት አሳብን ጐን ለጐን ማቆም ከውጭ የመጣብን እንግዳ ነገር ነው የሚል ሰው ቢኖር ግን ተሳስቷል። የመጻሕፍት ትርጓሜ ሊቃውንት አንዱን ቃል ተርጕመው ሲያበቁ «አንድም» ብለው ሌላ ትርጕም ያመጣሉ፤ የፊተኛውን አያፈርሱትም፤ የኋለኛውንም አያፍሩበትም። በቀድሞው የበላ ልበልሃ ሙግት ደግሞ ተሟጋቾች በዳኛው ፊት ቆመው በግጥምና በምሳሌ ይፋለሙ ነበር፤ ክርክሩ የሚሄደውም በሥርዓት ነበር። «አንድም» አሳብን ከአሳብ ጋራ አብሮ የማኖር ጥበብ ነው፤ ሙግቱ አሳብን በአሳብ የመምታት ጥበብ ነው። ሁለቱም የእኛ ናቸው። የጐደለን እነዚህን ከጉባኤ ቤቱና ከችሎቱ አውጥቶ በጽሕፈት ቤታችንና በትምህርት ክፍላችን ማሠራት ነው።

እንግዲህ አስተማሪ የእንግሊዝኛውን አነጋገር ለተማሪው ሲያስጠና፤ ይህን ቃል የሚናገረው ማን ነው? ከየትኛው ወንበር ነው? ለማን ነው? ብሎ ያስጠይቀው። ተማሪውም ወደ አማርኛ ሲመልሰው ቃሉን ሳይሆን ወንበሩን ይፈልግ። ሹሙም ከበታቹ የሚነሣውን መቃወሚያ ሲሰማ፤ የሰውየው ጠባይ ነው ወይስ የሥራው ግዴታ ብሎ ይለይ። ያ ወጣት ያን ቀን ሳይናገር የቀረው ነገር ምናልባት ለጉባኤው ከምስጋናው ሁሉ የሚበልጥ ይሆን ነበር። ቃል ስላልሰመረለት ዝም አለ፤ እኛም በሣቃችን አገዝነው። ሁለተኛ ጊዜ የተነሣ እንደ ሆነ ግን፤ እርሱ በአማርኛ ይናገር፤ እኛም በትዕግሥት እንስማው።