አቅም በፈቀደ መጠን

በጥቅምት ግራና አካባቢ የማሽላ ማሳ ያየ ሰው ማማውን አይረሳውም። እንጨት ተተክሎ፣ ከላይ ርብራብ ተደርጎበት፣ አንድ ልጅ ወንጭፉን ይዞ ይቆማል። «ሀይ! ሀይ!» ይልና ጠጠሩን ይለቀዋል። ወፉ ግር ብሎ ተነስቶ ጎረቤት ማሳ ላይ ያርፋል። እዚያም ሌላ ልጅ፣ ሌላ ማማ። ትምህርት ከተጀመረ ወር አልፎታል።

የእንዲህ ዓይነቱን ልጅ አባት አንድ ጊዜ «ለምን ትምህርት ቤት አልላኩትም?» አልኳቸው። የከተማ ሰው ጥያቄ! እሳቸው ግን አልተቆጡም። «አይ ልጄ፣ ወፉን ማን ይጠብቅልኛል? እህሉ ሲገባ ይሄዳል» አሉኝ። እህሉ ሲገባ ደግሞ ሌላ ሥራ እንደሚመጣ እሳቸውም ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ።

ይህንን ስብሰባ ላይ ብታነሱት መልሱ ዝግጁ ነው፦ «የወላጆች የግንዛቤ እጥረት»። እንግዲያው እስቲ የመንግሥታችንን ግንዛቤ እንየው።

የሰብዓዊ መብቶች መግለጫ በታህሳስ 1941 ዓ.ም. ሲጸድቅ ድጋፍ ከሰጡት 48 አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። መግለጫው የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በነጻና በግዴታ ይሁን ይላል። የሕፃናት መብቶችን ስምምነት የተቀበልነው በግንቦት 1983 ነው፤ ኮሎኔል መንግሥቱ ከአገር ሊወጡ አንድ ሳምንት ሲቀራቸው! በ1985 ደግሞ የኢኮኖሚ፣ የማኅበራዊና የባህል መብቶች ቃል ኪዳን ተከተለ። ይኸኛው ቀጠሮም አለው። ነጻና አስገዳጅ ትምህርት ገና ያላዳረሰ አገር በ2 ዓመት ውስጥ ዕቅድ ያውጣ፣ በስንት ዓመት እንደሚጨርስም በቁጥር ያስቀምጥ ይላል።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 9 እነዚህ የተቀበልናቸው ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል ናቸው አለ። እሰየው! ስለ ትምህርት ራሱ ሲናገር ግን ድምፁ ዝቅ ይላል። አንቀጽ 41 መንግሥት ለትምህርት በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ሀብት እንዲመድብ ያዛል። ሁሉም ኢትዮጵያዊ ትምህርት እንዲያገኝ የሚለው ነገር ግን ከመብቶች ምዕራፍ ወጥቶ፣ ምዕራፍ 10 ከፖሊሲ ዓላማዎች ጋር፣ አንቀጽ 90 ላይ ተቀምጧል። በሩ ላይም «አቅም በፈቀደ መጠን» የምትል ዘበኛ ቆማለች። እዚያ አንቀጽ ውስጥ «ነጻ» የምትል ቃል ፈልጋችሁ ታገኛላችሁ፤ ግን ትምህርት ከሃይማኖትና ከፖለቲካ ተጽዕኖ ነጻ ይሁን ለማለት ነው እንጂ ከክፍያ ነጻ ለማለት አይደለም።

ሐቁን አልክድም። ከ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ወዲህ በየቀበሌው ትምህርት ቤት ተሠርቷል፤ የመንግሥት ትምህርት ቤት የመማሪያ ክፍያ አይጠይቅም። ደብተሩ፣ ዩኒፎርሙና «የኅብረተሰብ ተሳትፎ» የሚባለው መዋጮ ግን ከዚያው ከማሽላው ነው የሚወጣው። ድሃ አገር ድሃ ነው፤ አይፈረድበትም። የሚያናድደኝ አንዱ ድህነት ሁለት ስም ማግኘቱ ነው። መንግሥት ሲያጣ «አቅም» ይባላል፤ ሕገ መንግሥት ላይም ይጻፍለታል። ገበሬው ሲያጣ «ግንዛቤ» ይባላል፤ ስብሰባ ይጠራለታል።

ደግሞስ ሁሉም ነገር የአቅም ጉዳይ ነው? ከነሐሴ 2013 እስከ ታህሳስ 2014 ወልድያ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ስትሆን፣ ጦርነቱም ሐብሩን ሲያዳርስ፣ መስከረም ደውል ሳይደወል አለፈ። ከነሐሴ 2015 ወዲህ በመንግሥት ሠራዊትና በፋኖ መካከል በተካሄደው ጦርነትም በአማራ ክልል ሚሊዮኖች ሕፃናት ከትምህርት ውጭ ሆነዋል። ትምህርት ቤትን ካምፕ አለማድረግ፣ መምህርን አለማስፈራራት ስንት ብር ይፈጃል? ለጥይት ሲሆን «አቅም አልፈቀደም» ያለ ወገን አላየሁም።

ሌላው ቢቀር ለማሽላው አገር የትምህርት ካሌንደሩን በአዝመራው ልክ ማስተካከል፣ ከድሃ ወላጅ መዋጮ አለመጠየቅ ብዙ ሀብት አይሻም። ያንን በ1985 የተገባውን ቀጠሮም ማስታወስ ነው።

አባቶች «ቃል ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ይላሉ። እኛ ዘንድ ግን ቃሉም ጠፋ፣ የወለድነውም ማማ ላይ ቀረ።