ዝም የሚለው ስብራት

ከጎንደር መስመር የመጣው ተጎጂ ሚኒባሱ ጋቢና ውስጥ ተቀምጦ ነበር ከተባልኩ፣ ዓይኔ መጀመሪያ የሚያርፈው ዳሌው ላይ ነው። ጉልበት ዳሽቦርድ ሲመታ ግፊቱ በጭን አጥንት በኩል ወጥቶ የአጥንቱን ራስ ከጎድጓዳው ወደ ኋላ ያወልቀዋል። እግሩ አጥሮ፣ ጉልበቱ ወደ ውስጥ ዞሮ ሌላኛው ጭን ላይ ከተጋደመ ውልቃቱ ራሱን ይናገራል። እኔን የሚያሳስበኝ አብሮት ዝም ብሎ የመጣው ስብራት ነው።

በጀማሪነቴ አንድ ምሽት፣ ዳሌው የወለቀ ልጅ እየጮኸ ስለነበር ስቤ ለመመለስ ቸኮልኩ። "ዶክተር፣ ራጁን እንይ እንጂ" ብለው ያስቆሙኝ አንዲት አንጋፋ ነርስ ናቸው። የጭኑ አጥንት አንገት ላይ ፀጉር የምታህል መስመር ነበረች። ስቤው ቢሆን ኖሮ አንገቱን በእጄ እለየው ነበር። ከዚያ ወዲህ ራጁን ሳላይ አልስብም። "የእግርህን አውራ ጣት ወደ ላይ አንሳልኝ" ማለትንም አልረሳም፤ ካልተነሳ ከመገጣጠሚያው ጀርባ የሚያልፈው ሳያቲክ ነርቭ ተጎድቷልና፣ ከነሰዓቱ ካርዱ ላይ አሰፍረዋለሁ።

ሰዓቱ ግን አይጠብቅም። የአጥንቱ ራስ ደም የሚያገኘው በቀጫጭን ሥሮች ነው፤ በ6 ሰዓት ጊዜ ውስጥ ካልተመለሰ ውሎ አድሮ የመሞት ዕድሉ ይጨምራል። ከደቅ ደሴት በጀልባ የሚመጣ ሰው ይህን ጊዜ ጣና ላይ ሊጨርሰው ይችላል። ወጌሻ ጋ ጎራ ካለ ደግሞ ይብሳል። ወጌሻን አልወቅስም፤ ቅርብ ያለው እሱ ነው። ዳሌ ሲሆን ግን እንዳያሸው፣ ቶሎ ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ወደ ጥበበ ጊዮን ሆስፒታል እንዲልከው ነው የምለምነው።

በሰመመን አንዱ ዳሌውን አጥብቆ ይይዛል፤ እኔ ጭኑንና ጉልበቱን 90 ዲግሪ አጥፌ፣ በቀስታ እያወዛወዝኩ ወደ ላይ እስባለሁ። ቋ ብሎ ሲገባ ክፍሉ በሙሉ ይሰማል። ደስ ይላል፤ ሥራው ግን ገና ነው። የጎድጓዳው የኋላ ግድግዳ በሰፊው ከተሰበረ ዳሌው መልሶ ይወልቃል፤ ስባሪ ውስጡ ከቀረ ደግሞ ጠጠር የገባበት ወፍጮ ነው። ስለዚህ ሲቲ ስካን፣ ካስፈለገም ቀዶ ሕክምና።

ከዚያ ቤት አለ። "ዝቅ ያለ ነገር ላይ አይቀመጡ" ማለት ቀላል ነው። በርጩማ ላይ ቡና ለሚጠጣ፣ መጸዳጃ ቤት ቁጢጥ ለሚል ሰው ግን አንድ በአንድ ማስረዳት አለብኝ። አንድ የዘጌ አባት፣ "ልጄ፣ ሳልሰግድ እንዴት እከርማለሁ?" አሉኝ።

"ዳሌዎ እስኪጸና ቆመው ይጸልዩ፣ አባቴ።"

አስታማሚያቸው ከአልጋው ሥር መቋሚያቸውን አወጣ። ከክራንቹ ጎን አቁመን አስተያየነው፤ ቁመታቸው እኩል ነበር።