«የሚከፋፈሉ ሕዋሳት» ስለሚለው አጠራር

በአዲስ አበባ፣ በልደታ ክፍለ ከተማ በሚገኘው የጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ሕክምና የሚማር ተማሪ ትምህርቱን የሚቀበለው በእንግሊዝኛ ነው፤ ለሕመምተኛው ውጤቱን የሚያስረዳው ግን አብዛኛውን ጊዜ በአማርኛ ነው። ስለዚህ የስያሜ ጉድለት ከመዝገበ ቃላት ገጽ አልፎ ሰውን ይጎዳል። ለዚህ አስረጅ የሚሆነን የሕዋሳትን መባዛት በፀረ እንግዳ አካል የመለየት ዘዴ ነው።

ዘዴው ከአንድ የተወሰነ ነገር ጋር ብቻ የሚጣበቅ ፀረ እንግዳ አካል ወስዶ፣ የተጣበቀበትን ሕዋስ በቀለም መለየት ነው። ከሚሠራባቸው ሦስቱን እንመልከት። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1983 የተገለጸውና ስሙን ከጀርመን አገር ከኪል ከተማ የወሰደው «ኪ-67» ነው። እርሱ የሚይዘው ፕሮቲን በመባዛት ዑደት ውስጥ ባለ ሕዋስ ሁሉ ሲገኝ፣ በዕረፍት ላይ ባለው አይገኝም። ሁለተኛው ብሮሞዲኦክሲዩሪዲን የተባለውን ውሁድ ይይዛል፤ የሚያመለክተውም ውሁዱ በተሰጠበት ጊዜ ዲኤንኤውን ይቀዳ የነበረውን ሕዋስ ነው። ሦስተኛው ፎስፌት የታከለበትን ሂስቶን ኤች 3 የሚይዘው ሲሆን፣ በተለይ በመከፈል ላይ ያለውን ያሳያል።

እነዚህን ሁሉ «የሚከፋፈሉ ሕዋሳት መለያ» ብሎ መጥራት ሦስት ነገሮችን ማደበላለቅ ነው። በኪ-67 ከመቶው 20 ሕዋሳት ቀለም ያዙ ማለት፣ 20ዎቹ በዚያች ሰዓት ለሁለት እየተከፈሉ ነበር ማለት አይደለም። ደግሞም «ክፍፍል» የሚለው ቢለመድም፣ አንድ ሕዋስ ለሁለት «ይከፈላል» ማለት ይቀናል፤ «መከፋፈል» መበጣጠስን ወይም ድርሻ መውሰድን ያሳስባል።

«ፀረ እንግዳ አካል» የሚለውም ጥንቃቄ ይሻል። ኪ-67 መጀመሪያ የተገኘው ከአይጥ ስለሆነና የሰው ፕሮቲን ለአይጥ እንግዳ በመሆኑ፣ ስሙ ለአመራረቱ ይስማማል። በመስታወቱ ላይ የሚያዘው ግን የሕመምተኛዋ የራሷ ፕሮቲን ነው። ስሙን የሰማች ሴት በሰውነቷ ባዕድ ነገር የተገኘ ቢመስላት አይፈረድባትም። ቃሉ ሥር የሰደደ ስለሆነ ይለወጥ አንልም፤ ለሕመምተኛ ሲነገር ማብራሪያ ይታከልበት እንላለን።

በእኛ አስተያየት የመጀመሪያው «የመባዛት መለያ»፣ ሁለተኛው «የዲኤንኤ ቅጂ መለያ»፣ ሦስተኛው «የመከፈል መለያ» ቢባሉ ልዩነታቸው ይጠበቃል። ከእነዚህ የተሻለ የሚያቀርብልን የሙያው ሰው ቢኖር በደስታ እንቀበላለን።