ይታደስ ወይስ ይተካ?

ጎሮ ወዳለችው ጠባብ ክፍሌ ባለ ቫልቭ ፎኖ ፕሪአምፕ ይዞ የሚመጣ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀኝ ዋጋ ነው። እኔ ደግሞ «ጋሼ፣ ምን ያጫውቱበታል?» እላለሁ። ነገር የማስረዝም የሚመስላቸው አሉ። ግን ዕቃው ይታደስ ወይስ በሌላ ይተካ ለሚለው ጥያቄ የመልሱ ግማሽ ያለው ሸክላ መደርደሪያው ላይ ነው።

ፎኖ ፕሪአምፕ ሁለት ነገር ይሠራል። አንደኛው ማጉላት ነው፤ ከተለመደው ባለ ማግኔት ካርትሪጅ የሚወጣው 5 ሚሊቮልት ገደማ ስለሆነ መቶ እጥፍ ካልጎላ አምፕሊፋየሩ አይሰማውም። ሁለተኛው ማቃናት ነው። ሸክላ ሲቀረጽ ቤዙ ሆን ተብሎ ይቀነሳል፣ ቀጭኑ ድምፅ ይጨመራል፤ አለዚያ ቤዙ የመርፌውን መንገድ እያሰፋ ቦታውን ይጨርሰዋል፣ ቀጭኑም በሸክላው ፍርፍርታ ይዋጣል። ፕሪአምፑ ያንን ገልብጦ ይመልሳል። ልኩ እ.ኤ.አ. በ1954 አሜሪካ ውስጥ የወጣው «ሪያ» የሚባለው ነው፤ 20 ሄርዝ ላይ ወደ 19 ዴሲቤል ያነሣል፣ 20,000 ሄርዝ ላይ ወደ 20 ዴሲቤል ይቀንሳል። እነዚህን ሁለት ሥራዎች በትክክል የሚሠራ ዕቃ ዕድሜው ሠላሳ ዓመት ቢሆንም አላረጀም።

ወደ እኔ የሚመጡ ሰዎች ቤት ያለው ሸክላ በአብዛኛው ትንሿ ባለ 45 ዙር ናት። አምሃ እሸቴ ሸክላ የማሳተሙ መብት ለሀገር ፍቅር ብቻ በተሰጠበት ዘመን ደፍሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ ሪከርድስን ሲጀምር መጀመሪያ ህንድ፣ በኋላም ሊባኖስ እያሳተመ ያስመጣቸው፤ ዓሊ ታንጎ ደግሞ በካይፋ ስም ያወጣቸው። እነዚህ ሸክላዎች ቡና ቤት ውለው አድረዋል፤ የራዲዮግራም ከባድ መርፌ ሄዶባቸዋል። ከተፋቀ ሸክላ የሚወጣው ጫጫታ ከማንኛውም ጤነኛ ቫልቭ ሽሽታ በብዙ ይበልጣል። ስለዚህ «ጸጥ ይልልኝ» ብሎ ውድ አዲስ ፕሪአምፕ ለመግዛት የሚያስብን ሰው መጀመሪያ ሸክላውን እንዲያጥብ፣ መርፌውንም እንዲቀይር እመክረዋለሁ። ሸክላው ሞኖ ከሆነ ደግሞ ሁለቱን ቻናል የሚያዋህድ አንዲት ማብሪያና ማጥፊያ እጨምርለታለሁ። በሞኖ ሸክላ ላይ ሙዚቃው የተቀረጸው ወደ ጎን ብቻ ነው፤ መርፌው ወደ ላይና ወደ ታች ሲንቀጠቀጥ የሚያመጣው ሁሉ ትርፍ ጫጫታ ስለሆነ ሁለቱ ቻናሎች ሲዋሃዱ ይጣፋል። ከዚህች ማብሪያ የበለጠ ወጪውን የሚክስ ማሻሻያ አላውቅም።

ቀጥሎ የማየው መብራቱን ነው፤ እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፤ ምክንያቱም በእኛ ሰፈር ቫልቭን ቶሎ የሚገድለው እሱ ነው። የቫልቩ ማሞቂያ ክር 6.3 ቮልት ይፈልጋል፣ ከዚያ በ10 በመቶ ቢወጣ ቢወርድ ይታገሣል። ማሞቂያው ያለ ሬጉሌተር ከትራንስፎርመሩ በቀጥታ የሚመገብ ከሆነ ግን 220 የነበረው መስመር ማታ ወደ 190 ሲወርድ ክሩ 5.4 ያገኛል፤ ሌሊት 245 ሲገባ 7 ቮልት። ሁለቱም ከልኩ ውጭ ናቸው። ሲቀንስ ካቶዱ በደንብ ስለማይሞቅ ድምፁ ይደክማል፤ ሲበዛ ዕድሜው ያጥራል። ስታብላይዘር ያስፈልጋል፤ ግን በሪሌ የሚሠራው ቮልቴጁን በቀየረ ቁጥር «ጠቅ» ይላል፣ ፎኖ ያንን መቶ እጥፍ አጉልቶ ወደ ስፒከሩ ይልከዋል። በሞተር የሚሠራውን ሰርቮ ፈልጉ። ወይም ለማሞቂያው ብቻ ሬጉሌተር ውስጡ ይሠራለት፤ ይኼ የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

ከአሜሪካ የመጣ ዕቃ ሌላ ጣጣ አለው። 120 ቮልቱን በመቀነሻ ትራንስፎርመር ማምጣት ቀላል ነው፤ 60 ሄርዙን ግን መቀነሻው አይለውጠውም። ለ60 ብቻ ተለክቶ የተሠራ ትራንስፎርመር 50 ላይ ሲሠራ ብረቱ በአንድ አምስተኛ የበለጠ ማግኔት ይሸከማል፤ ይሞቃል፣ ያጉረመርማል። ጀርባው ላይ «50/60» ካልተጻፈ አንድ ሰዓት አብርቼ ትራንስፎርመሩን በእጄ እዳስሳለሁ። ካቃጠለኝ፣ የሌላው ክፍል ማማር አያታልለኝም፤ አዲስ ትራንስፎርመር ማስጠምጠም ወይም ዕቃውን መሸጥ ነው። (ማጫወቻውም የአሜሪካ ከሆነ ሞተሩን ተመልከቱ፤ ፍጥነቱን ከመስመሩ ሄርዝ የሚወስድ ሞተር 33 ዙሩን ወደ 28 ያወርደዋል፣ ጥላሁን ገሠሠም የሌላ ሰው ድምፅ ይዞ ይወጣል።)

ካፓሲተሮችን በሚመለከት ሁለት ዓይነት ደንበኛ አለኝ። አንዱ «ድምፅ እስካለው አይነካ» የሚል ነው፤ ሌላው ከውጭ ያስመጣውን የጣት ውፍረት ያለው ውድ ካፓሲተር በፌስታል ይዞ የሚመጣ። ሁለቱንም እሟገታለሁ። የኃይል ማጣሪያዎቹ ኤሌክትሮላይት ናቸው፤ ይደርቃሉ፤ ሙቀት በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜያቸው በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። የአዲስ አበባ አየር ቀዝቃዛ ቢሆንም ስስ ነው፤ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ላይ የሚነፍሰው አየር ሙቀት ተሸክሞ የሚሄደው ከዝቅተኛ ቦታው ያነሰ ነውና ቫልቭ ዕቃ አምፕሊፋየር ላይ ደርቦ ማስቀመጥ ጥሩ አይደለም። ስለዚህ የደረቁት ይቀየራሉ፣ ጭቅጭቅ የለውም። በቫልቮች መካከል ያሉት ግን መጀመሪያ ይለካሉ፤ ቀጣዩ ቫልቭ ግሪድ ላይ ዲሲ እያሳለፉ ከሆነ ይወጣሉ፣ ካልሆነ ይቆያሉ። ውዱና ወፍራሙ ካፓሲተር ብዙ ጊዜ ቦታው ላይ አይገባም፤ በረዥም እግር ተንጠልጥሎ ከተበየደ ደግሞ እንደ አንቴና ከትራንስፎርመሩ ማጉረምረም ይለቅማል። የሪያውን ልክ የሚወስኑት ትንንሾቹ ካፓሲተሮች በሁለቱም ቻናል እኩል እንዲሆኑ 1 በመቶ ስህተት ያላቸውን መርጬ ብጨምር ይሻለኛል። ርካሽ ናቸው፤ ማንም በፌስታል ይዟቸው አይመጣም።

ቫልቩን መጨረሻ አድርጌዋለሁ፤ ባለቤቱ ግን መጀመሪያ የሚጠረጥረው እሱን ነው። በእርሳስ ጫፍ ቀስ አድርጌ ስነካው ስፒከሩ ውስጥ የሚደወል ከሆነ፣ ከመጀመሪያው ደረጃ አውጥቼ ወደ መጨረሻው አዛውረዋለሁ፤ እዚያ ብዙም አይጎዳም። ኢሲሲ83 የሚባለው ቫልቭ ዛሬም ስሎቫኪያ፣ ሩሲያና ቻይና ይሠራል፤ ከተመረጠ ይበቃል። ከመስታወቱ ሥር የአልማዝ ምልክት ያለበት የድሮ ቴሌፉንከን ጥሩ ነው፤ ዋጋው ግን አስመሳዮችን አፍርቷል።

እንግዲህ መቼ ነው «ይተካ» የምለው? ቲም ደ ፓራቪቺኒ የነደፈው ኢ.ኤ.አር. 834ፒ ሦስት ኢሲሲ83 ብቻ ይዞ የሚሠራ ነው፤ እንዲህ ያለው ዕቃ ቴስተርና ትዕግሥት ባለው እጅ ረዥም ዘመን ይታደሳል፣ አላስተካውም። ቦርዱ ተቃጥሎ ከሰል የሆነ፣ ወይም በፕሮሰሰር የሚታዘዝና ንድፉ የማይገኝ ከሆነ ግን ገንዘብ አላስወጣበትም። ባለቤቱ 0.3 ሚሊቮልት የሚሰጥ ባለ ጥቅል ካርትሪጅ ስለገዛ ብቻ መተካት ደግሞ ችኮላ ነው። አንድ ለአሥር የሚያነሣ ትራንስፎርመር ከፊቱ ቢገባ 3 ሚሊቮልት ያደርሰዋል፤ ካርትሪጁም 470 ኦም ጭነት ያያል፣ ለብዙዎቹ ይስማማል።

አንድ ጉዳይ ላይ ግን አልከራከርም። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1908 ገደማ በርሊን እንዳስቀረጿቸው ያሉ ባለ 78 ዙር ሸክላዎችን ለማጫወት የሚፈልግ ሰው ሲመጣ፣ የያዘው ፕሪአምፕ የቱንም ያህል ውድ ቢሆን አይሆነውም። የዚያ ዘመን ቀረጻ በቀንድ ተሰብስቦ በቀጥታ ሰም ላይ የተጫረ ነው፤ ኤሌክትሪክ አልነካውም፣ የሪያውም ልክ ገና አልነበረም። ሪያ ሲጫንበት ድምፁ ይታፈናል። ማስተካከያው በቁልፍ የሚመረጥ ሌላ ፕሪአምፕና ወፍራም መርፌ ይግዛ፤ የቀድሞውንም ለ45ቱ ያቆየው፤ እሱን አጽድቼ፣ የእያንዳንዱን ቫልቭ ቮልቴጅ በወረቀት ጽፌ ክዳኑ ውስጥ እለጥፍለታለሁ።